የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ በድምፅ ብልጫ ለጣሉት አስተዳዳሪያችን

ለተከበሩ አቶ ደምመላሽ
የክፍለ ከተማችን ዋና አስተዳዳሪ (የክፍለ ከተማውን ስም የዘለልኩት ለክብርዎ ስል ነው)
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬ ከጦሳ ተራራ ራስ ወርዶ ከቢሮዎ ጠረጴዛ ይድረስልኝ፤ ዘበኛው ካስገባው ማለቴ ነው። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ አረንጓዴ ቀለም ያለው እስክሪብቶዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ካለፈው ደብዳቤ ወዲህ የሞተብን አንድ ሰው ብቻ ነው። ለእርስዎ ጤና ግን መንደሩ ሁሉ ሌት ተቀን ዱዓ ያደርጋል፤ ጤናዎ ይህን ያህል ለምን እንደሚያስጨንቀን ደብዳቤው ሲያልቅ ይገለጽልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ ከይሪያ ካሊድ ይባላል። የዐሥረኛ ክፍል ተማሪና የአናጢው የአባባ የሱፍ የልጅ ልጅ ነኝ። የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ሞላልኝ ይህን ልጽፍ መሆኑን ሲሰሙ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለትልቅ ሰው በአደባባይ አይጻፍም፤ ነውር ነው» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ በጓዳ አራት ጊዜ ጽፈው ምን መልስ አገኙ?» ብላቸው፣ «እንግዲያስ ፊደል እንዳትስቺ» ብለው አሳለፉኝ። ስለዚህ ነውሩ የሁለታችን ነው፤ የፊደል ግድፈት ካለ ግን የእኔ ብቻ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ከመንደራችን ውጭ ያለ ሰውም ሊያነበው ይችላልና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኛ ቅሬ የምንለው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ መቶ አርባ ቤተሰብ ያለበት መቀባበሪያ አለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተጻፈው በአንድ መዝገብ ነው። ቅሬው አንዲት የቆርቆሮ ዕቃ ቤት አለችው። በውስጧ ሁለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ድስቶች፣ እንዲሁም አያቴ በገዛ እጃቸው ከጥድ የሠሯት ቃሬዛ ይገኛሉ። ከሃያ ዓመት ወዲህ በመንደራችን የሞተ ሰው ሁሉ፣ ወደ መስጊድም ይሂድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ የመጨረሻ መንገዱን የሄደው በዚያች ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ነው። የዕቃ ቤቷ ብቸኛ ጥፋት የጽሕፈት ቤትዎን አጥር ተደግፋ መቆሟ ነው። በጥቅምት ወር መኪናዎን ፀሐይ እንደሚመታት በጽሕፈት ቤትዎ ተደረሰበትና ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ተፈለገ፤ በሯም በወረቀትና በማኅተም ታሸገ። ቃሬዛዋ ከነድንኳኑ ውስጥ ቀረች።

ቅሬው ድንጋይ አልወረወረም፤ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛ እስከዳር የቅሬውንም የእርስዎንም ተወካይ እኩል ሰምተው፣ ክርክሩ ተጠናቆ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ጽሕፈት ቤቱ እሽጉን አንሥቶ ቅሬው በዕቃው እንዲገለገል አዘዙ። ቦታው የማን እንደሆነ ገና አልወሰኑም፤ ሰው እስከዚያ በወግ ይቀበር ነው ያሉት። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ምስጋና አንድ። የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ በክብር ስለ ተቀበሉ አመሰግናለሁ። በአገራችን ቢሮ የገባ ወረቀት ኅዳጉ ላይ ሳይመራበት እንደማያድር የታወቀ ነው፤ የውሃ መስመር ማመልከቻም ይሁን የሠርግ ጥሪ፣ አለቃው «ለሚመለከተው፣ ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ካልፈረመበት እንቅልፍ አይወስደውም። እርስዎም ይህንን መልካም ልማድ ለፍርድ ቤቱ ሳይነፍጉ፣ ከዳኛዋ ፊርማ ከፍ ብለው፣ በአረንጓዴ ቀለም «ለካቢኔ ቀርቦ ይወሰንበት» ብለው መሩበት። ካቢኔዎም ተሰበሰበ፣ ተወያየ፣ እጅ አወጣ። ለፍርድ ቤቱ የተጻፈው መልስ ለቅሬው በግልባጭ ስለ ደረሰን እየደጋገምን አንብበነዋል፦ «ያቀረባችሁት ጥያቄ በካቢኔ ታይቶ በሰባት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ውድቅ የተደረገ መሆኑን እየገለጽን፣ ለወደፊቱ መሰል ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ጽሕፈት ቤታችን እንዲማከር እናሳስባለን።» ክቡር ሆይ፣ ዳኛዋ የጠየቁዎት ነገር አልነበረም። ያ ሉክ ማመልከቻ አልነበረም። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት አባል ደግሞ በስብሰባው እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ሰምተናል፤ እውነት ከሆነ ከስምንቱ የካቢኔ አባላት ትዕዛዝ ያልጣሰው የተኛው ሰው ብቻ ነውና ምስጋናዬን ቀስ ብለው፣ ሳይቀሰቅሷቸው ያድርሱልኝ።

ምስጋና ሁለት። ትምህርቴን ስላሰፉልኝ አመሰግናለሁ። የዜግነት አስተማሪያችን መምህር ምንተስኖት ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ሥለው፣ አንዱ ሕግ ያወጣል፣ አንዱ ያስፈጽማል፣ አንዱ ይተረጉማል፣ አንዱ የሌላውን ወንበር አይስብም ብለው አስተምረውናል። በፈተናም «አስፈጻሚው አካል የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲደርሰው ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ምርጫዎቹም ሀ. ይፈጽማል፣ ካልተስማማም በሕጉ መንገድ ይግባኝ ይላል፤ ለ. ትዕዛዙን ያሻሽላል፤ ሐ. ዳኛውን ይቀይራል፤ መ. ካቢኔ ሰብስቦ ድምፅ ይሰጥበታል የሚሉ ነበሩ። እኔ በዐይኔ ያየሁትን ትቼ የሰማሁትን ልመልስ? «መ» ብዬ አከበብኩ። መምህር ምንተስኖት በቀይ ሰረዙኝ። «መምህር፣ የክፍለ ከተማችን አስተዳዳሪ እኮ ይህንኑ ነው ያደረጉት» ብዬ ብከራከራቸው፣ «እሳቸውም ቢፈተኑ ይወድቃሉ» አሉኝ። ክቡርነትዎ ኅዳጉ ላይ «ነጥቡ ይመለስላት» ብለው ይመሩልኝ ዘንድ የፈተና ወረቀቴን በአባሪነት አያይዣለሁ።

ጋሽ ሞላልኝ ሊለምኑዎ ቢሮዎ መጥተው በነበረ ጊዜ፣ «ጋሽ ሞላልኝ፣ ፍርድ ቤቱም እኛም አንድ መንግሥት ነን፤ አንዱ እጅ ሌላውን እጅ ያዛል እንዴ?» ብለው በፈገግታ ሸኝተዋቸዋል። ይህን አባባል ወደ ቤት ወስጄ ለአናጢው አያቴ ነገርኳቸው። ሁለት እጃቸውን አንሥተው አዩና፣ «ምስማር ስመታ አንዱ እጄ ምስማር ይይዛል፣ አንዱ መዶሻ፤ ሁለቱም መዶሻ ካነሡ ምስማሩን የሚይዘው የማን ጣት ነው?» አሉኝ። የማን ጣት እንደሆነ ያወቅነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ምስጋና ሦስት። እማማ ፋጡማ ሐሙስ ጧት ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፋቸው ተቀምጠው፣ «ከይሩ፣ ዐይንሽን አበድሪኝ» እያሉ በመርፌያቸው ክር እንዳስገባላቸው ይጠይቁኝ ነበርና፣ አንዳንድ ቀን ላለመያዝ በጓሮ እዞር ነበር። ይህንን ለእርስዎ የምናዘዘው እንዳጋጣሚ ሆኖ ነው። ሽማግሌዎቻችን ከታሸገው በር ፊት ተኮልኩለው የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ እያገላበጡ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ ያየ ሰው፣ ይህ አገር ሕግ አይወድም ብሎ ባልተናገረ ነበር። ጥሩምባ ነፊያችን አያ ሀምዱ፣ «ይነሣ ተብሏል፤ እናንሣዋ!» ሲሉ፣ ጋሽ ሞላልኝ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ጽሕፈት ቤቱ ያንሣ ነው የሚለው፤ ሀምዱ፣ አንተ ጽሕፈት ቤት ነህ?» አሉ። አያ ሀምዱም፣ «ኧረ እኔ ወላሂ ጥሩምባ ብቻ ነኝ» ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ። እኔ በመሃል ገብቼ፣ «ወረቀት እኮ ነው! በጥፍሬ ልቅደደው፤ ልጅ ናት ይባላል» ብል፣ ጋሽ ሞላልኝ፣ «ከታሸገስ መታሸግ የነበረበት አፍሽ ነው» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «እኛ ደስ ያለንን የፍርድ ቤት ቃል በጥፍራችን ከፈጸምን፣ እሱ ደስ ያላለውን በእስክሪብቶው ቢጥል በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?»

በሩ አልተነካም። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ቅሬ ቃሬዛ ለመዋስ ሰው ሮጦ ሄደ፤ የእነሱም በዚያው ሰዓት ለራሳቸው ለቅሶ ወጥታ ነበር። ጀናዛ ደግሞ እንደ ቢሮ «ነገ ተመለሱ» አይባልም። ያኔ ጋሽ ሞላልኝ ቤታቸው ገቡና የጓዳቸውን በር ከነማጠፊያው ነቅለው ተሸክመው መጡ። እማማ ፋጡማ በክርስቲያን ጓዳ በር ላይ ተኝተው ወደ መካነ መቃብር ወጡ። ማጠፊያው በየእርምጃው ይንቋቋል፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሰማሁት። ሰው ሁሉ ለእማማ ፋጡማ አለቀሰ፤ እኔ ግን በመጀመሪያ ያለቀስኩት ለዚያ ድምፅ ነው። ክቡር ሆይ፣ መኪናዎ በዚያን ዕለት ጥላ ውስጥ ነበረች፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

ምስጋና አራት። ቅሬው በማግስቱ ወደ ፍርድ ቤት ተመለሰ፤ ዳኛ እስከዳርም ትዕዛዙ ለምን እንዳልተፈጸመ ቀርበው እንዲያስረዱ መጥሪያ ላኩልዎ። እርስዎም መጥሪያው ላይ «በዕለቱ ኮምቦልቻ ሥልጠና ስላለኝ ፍርድ ቤቱ ሌላ ቀን ይምጣ» ብለው መርተው መለሱት። መቼም ባለጉዳይ ዳኛ ፊት ሲቀጠር ኖሯል፤ ለዳኛ ቀጠሮ የሰጠ ባለጉዳይ ግን በታሪክ የመጀመሪያው ይሆናሉ። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በሰላም ወርደው መግባትዎንም ከጽሕፈት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ተረድተናል። ፎቶው እጅግ ያምራል፤ ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ ከመጨረሻው ረድፍ ቆመው እንኳ በቁመትዎ ከሁሉም በልጠው ይታያሉ፤ ከራስዎ በላይ ደግሞ «የሕግ የበላይነትን በጋራ እናረጋግጥ» የሚል ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል። ሕግ ከእርስዎ በላይ ሆኖ ያየሁት በዚያ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። እኔም ከሥሩ ልብ አስቀምጬበታለሁ።

አምስተኛው ምስጋና ቁጥር የለውም፤ ምክንያቱም የምሬን ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ገና አስተዳዳሪ ሳይሆኑ፣ ሁለት ቀብር በተከታታይ ቀርተው፣ ዛሬም አባሉ የሆኑበት ቅሬያችን ከሶዎት እንደነበር ያስታውሳሉ? ጋሽ ሞላልኝ ሰምተው ፈረዱ፤ በሚቀጥለው ለቅሶ ውሃ ቀድተው እንዲያመጡና ቆመው ይቅርታ እንዲጠይቁ። እኔ ያኔ ገና የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ፤ ግን ዐይቻለሁ። ኮትዎን አጥር ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌዎን ጠቀለሉ፣ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥለው ከቦኖው ሰባት ጊዜ ተመላለሱ። ካቢኔ አልሰበሰቡም። ፍርዱ ላይ አልመሩበትም። ላብዎን ጠርገው፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ሲሉ መንደሩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ተነሣልዎ፤ አያቴም በዚያ ቀን፣ «ይህ ሰው ይሾማል» አሉ። እንዳሉትም ተሾሙ፤ ጥፋቱ የአያቴ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ታዲያ በዚያን ቀን ያስገደደዎት ምን ኃይል ነበር? ጋሽ ሞላልኝ ፖሊስ የላቸውም፤ ያላቸው ከዘራ ብቻ ነው፣ እሷም ለጉልበታቸው ናት። ዳኛ እስከዳርም ያላቸው እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ ፖሊሱም፣ መኪናውም፣ በጀቱም፣ ማኅተሙም በእናንተ እጅ ነው። መምህር ምንተስኖት እንዳሉት ፍርድ ቤት ጉልበቱ ቃሉ ነው፤ ጉልበት ያለው ሰው ቃሉን ካላከበረለት ዳኛ ማለት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ማለት ነው። የቅሬያችን ሕገ ደንብ ዳኛው ቁልፍ እንዳይዝ፣ ቁልፍ ያዡ እንዳይፈርድ፣ ደንቡንም ከጠቅላላው አባል በቀር ማንም እንዳይለውጠው ይከለክላል። ይህን ደንብ ካጸደቁት ሰዎች ግማሾቹ የፈረሙት በአውራ ጣታቸው ነው። ኮምቦልቻ ድረስ ወርደው አልሠለጠኑም፤ ኮፍያም አልተሰጣቸውም።

ችኮላዬ ከምን እንደመጣ ደግሞ ልንገርዎ። አያቴ አባባ የሱፍ አልጋ ከያዙ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ሐኪሙ ለእናቴ በዝግታ የነገራትን እኔ በመስኮት ሰምቻለሁ። እሳቸውም ያውቁታል፤ ግን የሚያወሩት ስለ ቃሬዛዋ ነው። «ማዕዘኗን ሁለት ጊዜ መላጊያ ያሳለፍኩባት እኮ የሰው ትከሻ እንዳትቧጥጥ ብዬ ነው» ይላሉ። ትናንት ጋሽ ሞላልኝ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ «አይዞህ የሱፍ፣ በሩን አልመለስኩትም፤ ግድግዳ ላይ አቁሜዋለሁ» ቢሏቸው፣ አያቴ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ያንን በር የሠራው ማን ነው? ማጠፊያውን ዘይት እንኳ አላጠጣውም! በእሱ ከምሄድ አልሞትም» አሉ። ጋሽ ሞላልኝም፣ «እንግዲያስ ዘይት አላጠጣውም» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሻይ ላመጣ ብዬ ወጣሁና ሻዩን ሳላመጣ ቀረሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቅሬው ያንን ወረቀት አይቀድም፤ ጋሽ ሞላልኝ ፈርደዋልና እኔም ጥፍሬን ቆርጫለሁ። በዳኛዋ ትዕዛዝ ካልተስማሙ ይግባኝ የሚባል መንገድ አለ፤ የይግባኝ መስኮቱ ከፍርድ ቤቱ ፎቅ ላይ በግራ በኩል ነው፣ ሰልፉም አጭር ነው። እስከዚያ ግን እሽጉን ያንሡልን። ካቢኔ አያስፈልገውም፤ አንድ እጅ ይበቃዋል፣ ያውም ለመቆጠር ያልተነሣ እጅ። አያቴ የሠሯትን ቃሬዛ በዐይናቸው አይተው ዘይት ሳይሆን ሰም ይቀቧት ዘንድ፣ በሕይወት እያሉ።

ለእስክሪብቶዎ ቀለም አይለቅበት፣ ለመኪናዎ ፀሐይ አይድረስባት፣ ለእርስዎም ዕድሜና ማስተዋል ይስጥልን እያልኩ፣ ይህንን ረጅም ደብዳቤ ሳይመሩበት እስከዚህ ስላነበቡ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

አንድ ነጥብ የጎደላት ታዛዥ ልጅዎ
ከይሪያ ካሊድ

ግልባጭ፦
ለዳኛ እስከዳር (እንዲያውቁት እንጂ እንዲወስኑበት አይደለም፤ እሳቸው ወስነዋል)
ለመምህር ምንተስኖት (ስለ ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሁለት)
ለተኙት የካቢኔ አባል

ማስታወሻ፦ ትናንት ቅሬው ተሰብስቦ ነበር። ወጣቶቹ፣ «የመንደሩን ቃሬዛ የቆለፈ ሰው ከመዝገቡ ይሰረዝ» አሉ፤ እርስዎ እንደሚያውቁት በወሎ ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሞቱን ብቻውን ነው የሚሸከመው። እኔም እጄን ላወጣ ነበር። ጋሽ ሞላልኝ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ «ያልተሰማ ሰው አይፈረድበትም» ብለው ለእሑድ ከሰዓት በኋላ ቀጠሩዎት፤ የተፈረመበት መጥሪያም ከዚህ ጋር አለ። ኅዳግ የለውም፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ ስለዚህ እባክዎ አይምሩበት፣ ብቻ ይምጡ። አያቴ ሰውን በዐይን ነው የሚለኩትና ከሥልጠናው ያለውን ፎቶዎን በስልኬ አሳየኋቸው፤ ረዘም አድርገው ተመልክተው፣ «እሱስ ቶሎ ቢከፍት ለራሱ ነው፤ የሞላልኝ በር ለፋጡማ ልክ ነበር፣ ለእኔም ይበቃል፣ ለደምመላሽ ግን አንድ ክንድ ያጥረዋል» ብለዋል።